በሰው ልቅሶ

«በእንቅልፏ ታለቅሳለች» አለች ጽጌሬዳ፣ የወንድሜ የምናለ ሚስት። ገና አሥራ ሁለት ሰዓት አልሆነም። የእነሱን መኝታ ቤት እኔ ከምተኛበት ሳሎን የሚለየው ጋዜጣ የተለጠፈበት ጣውላ ስለሆነ ሹክሹክታቸው ሁሉ ይሰማኛል። ሌሊቱን ሙሉ ሳለቅስ እንዳደርኩ፣ የወዲያኛዋ ጎረቤት ሰምታ ግድግዳውን እንደደበደበች፣ ነገሩ ቀበሌ ቢደርስ የአብዮት ጠላት የሚለቀስበት ቤት እንደሚባሉ፣ ያን ጊዜ ልጆቿን ይዛ የምትገባበት እንደሌላት ነገረችው። ከዚያ አልጋው ተንቋቋ። «ዛሬ ትሄድ የለ» አለ ምናለ። «ሁለት ቀን አስፈቅጄላታለሁ።»

እንደማለቅስ እኔ ራሴ አላውቅም ነበር። አርባ ቀን ሙሉ በሥራ ቦታም፣ በመንገድም፣ በዚህ ቤትም ዓይኔን አድርቄ መዋሌን እንደ ሙያ ቆጥሬው ነበር። ነርስ ነኝ፤ ሰው ፊት አለማልቀስ ተምሬያለሁ። ለካ ቀን የቋጠርኩትን ሌሊት ሌሊት ስፈታው ኖሯል። ጽጌሬዳን ልቀየማት ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። ሦስት ልጆች አሏት፣ ፈርታለች፣ ለዚያውም በደግ ጊዜ ክፉ ሴት አልነበረችም። የምቀየመው ሌላ ሰው ነበረኝ።

ታከለ የእኔና የምናለ ታናሽ ነው። እናታችን ስትሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበር። ምናለ ያኔ አግብቶ ወጥቷል፤ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሆኖ ኅዳር ላይ ከቤታችን ወሰዱት። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ እንደ ወትሮው ስንቁን ይዤ እስር ቤት ስሄድ ዘበኛው ሳህኑን አልተቀበለኝም፤ «ከእንግዲህ አታምጪ» ብሎ ሹራቡን ሰጠኝ። በቃ፣ መርዶዬ ይኸው ነው። ሬሳ የለ፣ ቀብር የለ፣ ፍትሐት የለ። ማልቀስ ክልክል፣ ጥቁር መልበስ ክልክል። እኔና እሱ ተከራይተን የምንኖርበት ቤት ታሸገና ምናለ ቤት ገባሁ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ብሎ የተረተው ሰው ሰባ ዓመተ ምሕረትን አላየም። አሥር ዓመት እሳት የተጫጫርኳቸው ሴቶች እኔን ከሩቅ ሲያዩ መንገድ ይቀይሩ ጀመር።

መርዶውን በሰማሁ በሳምንቱ እሑድ ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። እንደ ታከለ የተወሰዱት ልጆች ቤተሰቦች አንድ በአንድ እየተነሡ አቋማቸውን እንዲገልጹ ተባለ። ምናለ ተነሣ። ጎንደር አራዳ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነው፤ ደብዳቤ ሲያረቅ የሚስተካከለው የለም ይባላል። ያን ቀን ግን የተናገረው አራት ቃል ብቻ ነው። «እንዲህ ያለ ወንድም የለኝም» አለ። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ከዚያ ወዲህ አንድ ገበታ ቀርበን ስለ ስኳር ራሽን፣ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ልጆቹ ጉንፋን እናወራለን እንጂ የታከለ ስም በዚያ ቤት ተነሥቶ አያውቅም። አንድ ቀን ትንሿ ልጅ አጎቴ መቼ ነው የሚመጣው ብላ ጠየቀች። ምናለ ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ ቀረ፤ ጽጌሬዳ ልጅቷን ሂጂ እጅሽን ታጠቢ ብላ አስነሣቻት፣ ገና ምሳው ሳያልቅ።

ትናንት አርባው ነበር። የደላው ሟች በአርባው ተዝካሩ ይወጣል፣ ስሙ ቤተ ክርስቲያን ይጠራል፣ ወዳጅ ዘመድ ሰብሰብ ብሎ ያነሣዋል። እኔ የዚያን ያህል አልተመኘሁም። የፈለግኩት አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ድምፄን አውጥቼ «ታከለ» ብዬ ማልቀስ ነው። ለዚያ የሚሆን ቦታ ጎንደር ከተማ ውስጥ አልተገኘም። ስለዚህ አበቡ ትዝ አለችኝ። አበቡና ባሏ ክንዱ ከወቅን ወጣ ብሎ ባለ ገጠር የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። ከአምስት ዓመት በፊት ክንዱ ከገደል ወድቆ ጭኑ ተሰብሮ እኔ በምሠራበት ሆስፒታል ሲተኛ፣ አበቡ በረንዳ ላይ ተኮራምታ ስታድር አይቼ እቤቴ ወሰድኳት። ሃምሳ ቀን ያህል አብረን ኖርን። ከዚያ ወዲህ መንገደኛ ባገኙ ቁጥር አንድ አቁማዳ ባቄላ ሳይልኩልኝ ቀርተው አያውቁም። ቢሆንም ለእነሱም ልነግራቸው አላሰብኩም። ወንድሙን በስብሰባ የሚክድ ሰው ካየሁ ወዲህ ሰው የሚባል ፍጥረት አስጠልቶኛል። ሀሳቤ ሰላም ብያቸው፣ ትንሽ ቁጭ ብዬ፣ ከዚያ ዞር ልበል ብዬ አንዱ ገደል አፋፍ ላይ ብቻዬን ማልቀስ ነበር። የሰሜን አገር መቼም ገደል አይቸግረውም።

ስወጣ ምናለ አልተነሣም። የይለፍ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦልኛል። ምክንያት በሚለው ላይ በራሱ ቆንጆ ጽሕፈት «ታማሚ ዘመድ ለመጠየቅ» ብሎ ሞልቶበታል፤ የቀበሌው ማኅተም ከሥሩ ተመትቷል። ጽጌሬዳ በር ድረስ ሸኘችኝና ነጠላዬን አየት አድርጋ፣ ጥለቱን ሳላውቀው ወደ ላይ አዘቅዝቄው ኖሮ፣ በሁለት እጇ ገልብጣ አስተካከለችልኝ። ጥለትን ወደ ላይ ማድረግ የሐዘንተኛ አለባበስ ነው። ወጣሁ።

አውቶቡሱ እስከ ዛሪማ የሚወርድ ነው። ሦስት ብር ከሃምሳ ከፍዬ ከመስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። አጠገቤ የተቀመጠው በዕድሜ የገፋ የጨው ነጋዴ ገና ሳንነሣ ከኪሱ ቆሎ አውጥቶ ዘረጋልኝ። አመሰግናለሁ፣ ጠግቤያለሁ አልኩት። ዛሪማ ገበያ ላይ ጨው ስንት እንደገባ፣ ዘንድሮ ብርዱ እንዴት እንደጠና፣ ልጁ በቅርቡ እንዳገባች ነገረኝ። እኔ በልቤ፣ ይሄ ጆሮ ጠቢ ነው፣ አስለፍልፎ ሊይዘኝ ነው እያልኩ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ያን ጊዜ ቆሎ የሚያቀርብልህን መጠርጠር ብልህነት ነበር።

ከከተማው መውጫ ኬላው ላይ አስወረዱን። ወታደሩ ቦርሳዬን ዘረገፈው። ከቀሚሴ ሥር የታከለ ሹራብ ወጣ። ለምን ይዤው እንደወጣሁ እኔም አላውቅም፤ ከእኔ ተለይቶ አያውቅም ነበር። ወታደሩ አነሣው፣ አገላበጠው፣ «የወንድ ልብስ ወዴት ነው የምትወስጂው?» አለኝ። የሚያስበው ገብቶኛል። ጫካ ላለ ሰው ልብስ የሚያቀብል ምን እንደሚደርስበት ሕዝብ ሁሉ ያውቃል። የወንድሜ ነው ብል የታል ይለኛል። ይሄኔ ያ የጨው ነጋዴ ከኋላዬ መጣና «የኔ ነው ጌታዬ» አለ። «አውቶቡሱ ውስጥ ቢሞቀኝ አውልቄ እሷ ዘንድ አስቀመጥኩት።» በዚያ የጥር ጠዋት ሁላችንም ከአፋችን እንፋሎት እያወጣን ነው የቆምነው። ወታደሩ አየው፣ እሱም ወታደሩን አየው፣ ከዚያ ሹራቡን ተቀብሎ ለበሰው። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ልብስ በዚያ ደረቱ ሰፊ ሽማግሌ ላይ እንዴት ይግባ? እጅጌው ከክርኑ ትንሽ ወረድ ብሎ ቀረ። ወታደሩ ሳቀና እለፉ አለን። ነጋዴው እስከ ወቅን ድረስ እንደተጣበቀበት ተቀምጦ ሄደ። ከኔ ምንም አልጠየቀም፣ ስለ ጨው ዋጋም ወሬውን አልቀጠለም። ስወርድ አውልቆ በደንብ አጥፎ ሰጠኝ። «እግዚአብሔር ያጥናሽ እህቴ» አለኝ። ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው በሩ ተዘጋ።

ከወቅን አበቡ ቤት ድረስ በእግር አንድ ሰዓት ያስኬዳል። ነፋሱ ይገርፋል፣ አዝመራው ተሰብስቦ ማሳው ራቁቱን ቀርቷል። አበቡን ያገኘኋት ከቤቷ ልትወጣ ስትል ነው። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወገቧን ታጥቃለች። እኔን ስታይ መጀመሪያ አላመነችም፤ ከዚያ ጉንጬን እያገላበጠች ትስመኝ ጀመር። ቤቷ ያው ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋይ ከበሩ፣ አንድ መደብ፣ አንድ ጎታ፣ ጥጆች የሚታሰሩበት ጥግ ነው። መደቡ ላይ ቁርበት አነጠፈችልኝና ውኃ አሙቃ፣ እኔ እንቢ እያልኩ፣ እግሬን አጠበችኝ። የገብስ ጠላና የተቀቀለ ባቄላ አቀረበች። የክንዱ አጎት አያ በላቸው በሰማንያ ዓመታቸው እንዳረፉ፣ ከሩቅ የሚመጣው ዘመድ ሁሉ የሚገኝበት ትልቁ ልቅሶ ዛሬ እንደሆነ፣ ክንዱ ከጠዋት ጀምሮ እዚያው እንደዋለ ነገረችኝ። በመካከሉ ቀና ብላ «ምነው እትዬ ውቢት፣ እንዲህ ከሳሽ?» አለችኝ። ሥራ ነው አልኳት። «ያ ሸጋ ልጅስ? ታከለ ደህና ነው?» አለች። ደህና ነው፣ ትምህርት ላይ ነው አልኩ። አበቡ እግሬን ያደረቀችበትን ጨርቅ ጨምቃ ሰጣችው፣ ሌላ ጥያቄም አልጠየቀችኝም።

እንግዳ ቤት ተቀምጦ ባለቤት ልቅሶ አይሄድም፤ እንግዳም ልቅሶ ሰምቶ አልሄድም አይልም። ስለዚህ የገደሉን ሀሳብ ለነገ አቆይቼ አብሬያት ተነሣሁ። መንገድ ላይ ከሌላ መንደር የሚመጡ ሴቶች ተቀላቀሉን። የልቅሶው ሜዳ ከአንድ ጉብታ ወዲያ ነው። ጉብታው ላይ ስንደርስ ሕዝቡ ብቅ አለ። ወንዶቹ በአንድ ወገን ሴቶቹ በአንድ ወገን ተቀምጠዋል፣ የአያ በላቸው በቅሎ ኮርቻዋን እንደተጫነች ባዶዋን ትዞራለች፣ ጠመንጃቸውን ገበሬ ማኅበሩ ስለወሰደው በሱ ፈንታ ካባቸውንና ከዘራቸውን የያዘ ሰው ከኋላዋ ይሄዳል። ልማዱን ታውቁታላችሁ። መጤ አልቃሽ ሜዳውን ሲያይ ነጠላውን አጥብቆ፣ ሟቹ ምኑ እንደሆነ እየጠራ፣ እየጮኸ ይገባል። አበቡ «አባቴን! አባቴን!» እያለች ተንደረደረች። ሌሎቹም «አባቴን» አሉ። ሰማንያ ዓመት ለኖሩ ሰው የሚባለው እሱ ነው። እኔም ለወጉ ያህል አፌን ከፈትኩ።

«ወንድሜን!» አልኩ።

ከየት እንደወጣ አላውቅም። ልመልሰው ብሞክር አልመለስ አለ። «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያልኩ ቁልቁል ሮጥኩ። የገዛ ድምፄን በአርባ ቀኔ መስማቴ ነው፤ የሌላ ሰው መሰለኝ። ሜዳው መሐል ስደርስ ወደቅኩ። ሙሾ አውራጇ አቆመች፣ በቅሎዋ ቆመች። ከከተማ የመጣች የማትታወቅ ሴት በሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ልቅሶ ላይ ወንድሜን ስትል ያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ነገር ገባው። እኔ ደግሞ ፍርሃቴ ያን ጊዜ መጣ። አለቀልኝ፣ እነዚህንም ሰዎች አስፈጀኋቸው አልኩ።

አበቡ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ታከለ ነው?» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። መቼ ብላ ጠየቀችኝ፤ አርባው ትናንት እንዳለፈ ነገርኳት።

«ማን አለቀሰለት?»

«ማንም።»

አበቡ ደረቷን አንድ ጊዜ መታች። «እኔ በሱ አልጋ ተኝቼ፣ እሱ መሬት አድሮ» አለች። እውነቷን ነው። ያኔ እቤታችን ስትሰነብት ታከለ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር፤ እንግዳ ምድር አይተኛም ብሎ አልጋውን ለቆላት ሃምሳ ቀን ሰሌን ላይ አደረ። እኔ ረስቼው ነበር። እሷ አልረሳችውም። ተነሥታ በቀጥታ የአያ በላቸው ልጅ አምሳል ወደተቀመጠችበት ሄደች። አምሳል ፊቷን ነጭታ፣ ፀጉሯን ተላጭታ፣ የቀኑ ባለቤት እሷ ነች። በጆሮዋ የነገረቻት ነገር ትንሽ ጊዜ ወሰደ። እኔ ከወደቅኩበት ሆኜ እያየሁ፣ በሰው አባት ልቅሶ ላይ ገብቼ ያደረግኩትን አሰብኩና አፈርኩ። አምሳል ግን ብድግ ብላ መጣች፤ ክንዴን ይዛ አነሣችኝና ከራሷ ጎን አስቀመጠችኝ።

«አባቴ ሰማንያ ዓመት ኖሯል» አለችኝ። «እንባችን ይተርፋል።»

ይሄኔ ከወንዶቹ ወገን አንድ ሰው ተነሥቶ ወደኛ መጣ። ባዬ ይባላል፤ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነው። በስብሰባ ቀን ጓድ ባዬ፣ በሌላው ቀን አያ ባዬ ይሉታል። የትኛው ሆኖ እንደመጣ ከፊቱ መለየት አቃተኝ። የይለፍ ወረቀቴን ጠየቀኝ። ሰጠሁት። ቀስ ብሎ እያንዳንዱን ፊደል አነበበው። «ታማሚ ዘመድ ይላል። ታማሚው ማነው?» አለ። እኔ ሳልመልስ አበቡ «እሷው ናት አያ ባዬ» አለችው። ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ፣ ግን አልሄደም። ከሕዝቡ መካከል ለበላይ የሚያሳብቅ ቢኖር ከሁሉ ፊት የሚጠየቀው እሱ ነው፤ እሱም ያውቀዋል፣ እኛም እናውቀዋለን። ወደ ሙሾ አውራጇ ወደ እማሆይ ስንዱ ዞረ። «ስሙን ይጥሩት» አላቸው ዝቅ ባለ ድምፅ። «አሟሟቱን ይተዉት።» ከዚያ ቦታው ተመልሶ ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ ተቀመጠ።

እማሆይ ስንዱ ቀጭን አሮጊት ናቸው፤ ድምፃቸው ግን አገር ይጠራል። ሟቹ ምን ዓይነት ልጅ ነበር ብለው አበቡን ጠየቋት፤ እኔን አላስቸገሩኝም። አበቡ የምታውቀውን ነገረቻቸው። ሹራቡንም ከቦርሳዬ አውጥታ ካባ ለያዘው ሰው ሰጠችው፤ እሱም ከአያ በላቸው ካባ ጎን አንጠለጠለው። ከዚያ እማሆይ ስንዱ ቆሙና ያን ሜዳ በድምፃቸው ሞሉት፦

ጎንደር ያደገ ልጅ ጎንደር የተማረ፣
አልቃሽ አጥቶ ኖሮ እኛ ዘንድ አደረ።
አልጋውን ለእንግዳ ለቆ ያደረ ልጅ፣
ዛሬ እሱ እንግዳ ነው ተቀበሉት ከደጅ።

ሴቶቹ ተቀበሉ። ያ ሁሉ ሰው፣ ልጁን አንድም ቀን አይቶት የማያውቅ ሰው፣ «ታከለ» እያለ አለቀሰ። ለአያ በላቸው ካፈሰሱት ያነሰ እንባ አልነበረም። አንዲት ሴት ከኋላዬ ሆና ወገቤን አቅፋ ይዛኛለች፤ እስከ ዛሬ ማን እንደነበረች አላውቅም። እኔ ስሙን ጠራሁት። ጮኼ ጠራሁት፣ ደጋግሜ ጠራሁት፣ ልጅ ሳለ ለእራት ከሰፈር ስጠራው እንደማደርገው ጠራሁት። ማንም ዝም በይ አላለኝም። ከታኅሣሥ ወዲህ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ሲነሣ ይታወቀኛል፤ ማረፍ ግን አልነበረም፣ መሞቱን ገና ያን ጊዜ አመንኩ።

በዚያ አገር ሙሾ ሟች ብቻውን አይጠራም። ወንድሞቹ በየስማቸው ይጠሩለታል፤ የተጠራው ተነሥቶ፣ ነጠላውን ታጥቆ፣ ሜዳው መሐል ራሱን ገልጦ ይቆማል። ለአያ በላቸው ሁለት ሽማግሌ ወንድሞቻቸው በሰው ተደግፈው ሲቆሙ አይቻለሁ። የሚቆምለት የሌለ ሟች ግን መሐሉ ባዶ ይቀራል፣ ያን ማየት ለአልቃሽ ከባድ ነው። እማሆይ ስንዱ ወደ እኔ ዞሩ። «ወንድም አለው?» አሉ፣ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ።

የለውም ልል ነበር። የለኝም ያለው ራሱ ምናለ አይደለም ወይ? በሺህ ሰው ፊት ተነሥቶ፣ ድምፁን አጥርቶ። ታዲያ ያን ቀን አጠገቡ ነበር የተቀመጥኩት፤ ከስብሰባው ወዲህ ላስታውሰው ያልፈለግኩት ነገር ያን ሰዓት መጣብኝ። ሲቀመጥ የሸሚዙ ጀርባ በላብ ርሶ ነበር፣ በዚያ ብርድ። ሌሊት ሌሊት ከጣውላው ወዲያ አልጋው ሲንቋቋ፣ እየተነሣ ሲቀመጥ፣ ጽጌሬዳ ምነው ስትለው የለም ምንም ሲል ስንት ቀን ሰምቻለሁ? እኔ በእንቅልፌ ማልቀሴን ሌላ ሰው ነገረኝ። እሱ እንዳያለቅስ ብሎ እንቅልፉን ትቶታል። ሁለቱን ቀን የጻፈልኝም እሱ ነው። እኔ አውቶቡስ ተሳፍሬ የማለቅስበት ሜዳ፣ የሚይዘኝ ሰው አገኘሁ። እሱን ማን ይፈቅድለታል? የት ሄዶ ያለቅሳል? አንጀቴ ለታከለ ብቻ አልነበረም የተቃጠለው።

«አለው» አልኩ። «ምናለ ይባላል።»

እማሆይ ስንዱ «ምናለ» ብለው ጠሩ። ማንም አልተነሣም። ሁለተኛ ጠሩ። ሕዝቡ ዙሪያውን ተያየ። በቅሎዋ ብቻ መሐሉን አልፋ ሄደች። ሦስተኛ ሲጠሩ ከወንዶቹ ወገን ክንዱ በከዘራው ተመርኩዞ ተነሣ። ያች እኔ ያስታመምኳት እግሩ ዛሬም ትጎተታለች። ነጠላውን ታጠቀ፣ ራሱን ገለጠ፣ እያነከሰ መጥቶ ሜዳው መሐል ቆመ።

«ወንድሙ መንገድ ላይ ነው» አለ። «እስኪደርስ እኔ ቆሜለታለሁ።»

ከጎንደር የሚመጣው የዕለቱ የመጨረሻ ማኪና ካለፈ ቆይቷል። ይህን እዚያ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ባዬም ያውቃል። ቢሆንም ተራ በተራ ሊቆሙ የመጡት ወንዶች ከክንዱ ቀኝ ሲደርሱ አንድ ሰው የሚቆምበት ያህል ክፍት እየተዉ ከዚያ ወዲያ ተሰለፉ። እማሆይ ስንዱ ሙሾውን ቀጠሉ፣ ምናለ ቶሎ ና፣ መንገዱ ይቅናህ እያሉ። ሴቶቹ እያለቀሱ ከጉብታው ላይ ወደሚወርደው መንገድ ዞሩ። እንደማይመጣ ከሁሉም ይልቅ የማውቀው እኔ ነኝ፤ እኔም ዞሬ መንገዱን አየሁ።